ባሕር በቢጫ ጀሪካን

ያኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። በዚህ ዕድሜ ሰው ልጁን ይድራል፣ ቤቱን ያድሳል፤ እኔ ባሕርን ላየው ነው ብዬ እንደ ሕፃን እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ በፊት የሄድኩበት ሩቅ አገር ቢባል በአንድ በኩል ባሕር ዳር፣ በሌላ በኩል ደብረ ማርቆስ ነው። ባሕር ዳርን አባቴ ባሕር ብለው አይቆጥሩትም። "እሱ ሐይቅ ነው፤ ሐይቅ ይጠጣል። ባሕር ግን አይጠጣም፤ ኩሩ ነው" ይሉኛል። ይህችን "አይጠጣም" የምትለዋን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ጉዱን ሁሉ ያፈላችው እሷ ናት።

አባባ በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የመርከብ ወጥ ቤት ነበሩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ለመርከበኛ ሽንኩርት ልጠዋል። ከዚያ ቢቸና ተመልሰው እናቴን አገቡ፣ አረሱ፣ ነገዱ፣ እኛን ወለዱ፤ ሆዳቸው ግን እዚያው ቀረ። ክረምት ሲገባ፣ ከዓባይ ሸለቆ የወጣው ጉም ሜዳውን አልብሶት ሲያነጋ፣ ደጃፍ ላይ ቆመው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ያዩታል። "ዛሬ ፀጥ ብሏል፤ ሞገድ የለውም" ይላሉ። እኛም ጉምና ባሕር አንድ ይመስለን ነበር። ታናሽ ወንድሜ አንድ ቀን ዓሣ ላጥምድ ብሎ ገመድ ይዞ ጉሙ ውስጥ ገብቶ፣ ከተኛ የጎረቤት በሬ ጋር ተላትሞ አልቅሶ ተመልሷል። አሁን ሞጣ መምህር ነው፤ ይህን ሲያነብ ይቆጣኛል፤ ይቆጣ።

የአባባ ምላስ ደግሞ ሌላ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች ወጥ ቀመስ አድርገው፣ "ጨዉን ከሌላ ሱቅ ነው የገዛሽው" ይሏት ነበር። ልክ ነበሩ። እናቴም፣ "ለዚህ ሰውዬ እግዚአብሔር የሰጠው ምላስ አይደለም፣ ሚዛን ነው" እያለች ወደ ጓዳ ትገባለች።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ክር፣ ቁልፍ፣ መርፌና ዚፕ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ንባብ የለመድኩት ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር የዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣ እያነበብኩ ነው፤ ስለዚህ የማውቀው ነገር ሁሉ መሐሉ ላይ የተቀደደ ነው። ስለ ባሕርም የማውቀው የአባባን ነበር። እሱም ቢሆን በጉም የተሸፈነ።

የሠፈራችን ሰው የጉዞ ማኅበር አለው። በየዓመቱ አውቶቡስ ተከራይተን አንድ ደብር ተሳልመን፣ ጠበላችንን በጀሪካን ሞልተን እንመለሳለን። ሰብሳቢያችን መምህር ደሴ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀይ ባሕርን በሰማያዊ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲስሉ ኖረዋል፤ አንድም ቀን ግን አላዩትም። የሰሜኑ ድንበር ዓመታት ተዘግቶ ኖሮ የተከፈተ ሰሞን ነው፣ እንግዲህ ማኅበሩን ሰብስበው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"ዘንድሮ የምንሄደው ምጽዋ ነው።"

ጎረቤቴ እትዬ ጥሩነሽ ፊት ነበር የተቀመጡት። እሳቸው ያልተሳለሙት ደብር፣ ያላዩት ገዳም የለም፤ ወገባቸውን ያማቸዋል፣ ከአውቶቡስ ግን አይወርዱም።

"የማን ታቦት ነው እዚያ ያለው?" አሉ።

"ታቦት ልንሳለም አይደለም፤ ጉብኝት ነው። ጥንታዊ የወደብ ከተማ ናት። የቱርክ ቤት አለ፣ የግብፅ ቤት አለ፣ የጣሊያን ቤት አለ።"

"የሰው ቤት ልናይ ነው ይህን ሁሉ አገር የምናቋርጠው?"

"ባሕሩም አለ እኮ።"

"ባሕሩ ይፈውሳል?"

መምህር ደሴ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ተማሪ ያናደዳቸው ጊዜ እንዲህ ያደርጉ ነበር ይባላል። "ይታያል" አሉ።

"በሉ ጻፉኝ" አሉ እትዬ ጥሩነሽ። "እናንተ ያያችሁት ይለፈኝ ብዬ አልቀርም።"

እኔ ወሬውን ለአባባ ነገርኳቸው። ከአልጋቸው ሥር ምርኩዛቸውን አወጡ። ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከግቢያችን በር እስከ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ እስከ ግቢያችን በር መመላለስ ያዙ። ልምምድ ነው። ሰው "ምነው አባባ፣ ማንን ይፈልጋሉ?" ሲላቸው "ምጽዋ ልሄድ ነው" ይላሉ። ሰባት ቀን እንዲህ ከረሙ። በስምንተኛው ቀን መሐል መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ደግፌ አስነሣኋቸውና ቀስ እያልን መጣን።

"ጉልበቴ እንቢ አለኝ" አሉ ኋላ። "አንቺ ሂጂልኝ።"

ከዚያ ጀሪካኑን አመጡ። ባለ አምስት ሊትር ቢጫ የዘይት ጀሪካን ነው። ሦስት ቀን አጠቡት። በአመድ አጠቡት፣ በአሸዋ አጠቡት፣ በሎሚ አጠቡት፤ አፍንጫቸውን አፉ ላይ ደቅነው አሸተቱና "አሁንም ኑግ ኑግ ይላል" ብለው እንደገና አጠቡት።

"ከዳር እንዳትቀጂ" አሉኝ። "የዳሩ ውኃ የሁሉ መታጠቢያ ነው። እስከ ጉልበትሽ ግቢ። ጀርባሽን ለከተማው ስጪ። ከዚያ ቅጂ።"

"ምን ሊያደርግልዎት ነው አባባ?"

"እግሬን እነክርበታለሁ።"

"ብቻ?"

"ብቻ።" ክዳኑን ገጠሙ፤ ፈቱ፤ እንደገና ገጠሙ። "የመርከቡ ሥራ አልቋል፣ በሉ ውጡ ሲሉን በመኪና አጣድፈው ነው ያመጡን። ሳልሰናበተው ነው የመጣሁት። ተመልሼ አየዋለሁ ብዬ ነበር እኮ።"

እንግዲህ ያን ጀሪካን ተቀብዬ ስወጣ የያዝኩት ባዶ ዕቃ መስሎ የታየው ሰው ካለ ተሳስቷል።

መንገዱን ዘርዝሬ አላደክማችሁም፤ ቀናት ፈጀ፤ ወገባችን ተላቀቀ። ብቻ ከአስመራ ወደ ምጽዋ የሚወርደውን ቁልቁለት ልንገራችሁ። እኛ የደጋ ሰዎች ነን፤ ጉዞ ነው ብለን ጋቢ፣ ፎጣ፣ ሹራብ ደራርበናል። በአንደኛው መታጠፊያ ጋቢ ወለቀ። በሁለተኛው ሹራብ ወለቀ። እየወረድን ስንሄድ የሚወልቅ ነገር አለቀና ሙቀቱ አላለቀም። እትዬ ጥሩነሽ በነጠላቸው እያራገቡ፣ "መምህር፣ እውነት ባሕር ነው የምትወስዱን? ይህ መንገድ ወደ ታች ብቻ ነው የሚሄደው፤ ወዴት እንደሚያደርስ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ተምሬዋለሁ" አሉ።

ምጽዋ ላይ የተቀበሉን አስጎብኚ አቶ ኢድሪስ የሚባሉ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። አማርኛቸው የአባባ ዘመን አማርኛ ነው፤ ሲናገሩ አባባ ከኋላቸው የቆሙ መስሎኝ ዞር እል ነበር።

የመጀመሪያው ቤት ድንጋዩ ከባሕር የወጣ ነው፤ ተጠግታችሁ ስታዩት እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። በሩ ቅርጻ ቅርጽ ያለበት የድሮ እንጨት ነው። የእኛ ሰው የድሮ በር ሲያይ አንድ ነገር ነው የሚያውቀው። እትዬ ጥሩነሽ አማተቡ፤ መቃኑን በግራ ሳሙ፣ በቀኝ ሳሙ፣ ግንባራቸውን አስነኩ። ከኋላ ያለነው ምን እናድርግ? ተሰለፍን። አውቶቡስ ሙሉ ሰው አንድ በአንድ ተሳለመ። እኔ ሦስት ጊዜ ስሜዋለሁ፤ በሩ ጨው ጨው ይላል።

አቶ ኢድሪስ በትዕግሥት ጠብቀው አስጨረሱንና፣ "ይህ የጉምሩክ መጋዘን ነበር" አሉ።

መምህር ደሴ ፊታቸው ቀላ። እትዬ ጥሩነሽ ግን አልደነገጡም። "እንግዲህ ተሳልመነዋል፤ የተሳለሙት አይመለስም" ብለው ወደሚቀጥለው በር መሩን።

ጉልላቱ በጥይት የፈረሰ አንድ ትልቅ ቤተ መንግሥት አለ። ጉልላት ሲያይ ማኅበራችን በሙሉ ቆመና ጫማውን አወለቀ። አቶ ኢድሪስ "ኧረ ጫማችሁን…" እስኪሉ አልፎ ነበር። እኩለ ቀን ነው። ድንጋዩ ለሰው እግር የሚሆን አይደለም። አንደኛው ሰው ዘለለ፣ ሁለተኛው ዘለለ፣ ከዚያ ሁላችንም ጫማችንን በእጃችን ይዘን እየዘለልን ጥላ ፍለጋ ሮጥን። ከሁሉም ከፍ አድርገው የዘለሉት መምህር ደሴ ናቸው። "ቤተ መንግሥት መሆኑን እያወቁ እርስዎ ለምን አወለቁ?" ብላቸው፣ እግራቸውን እያሹ "እጄ ነው የፈታው" አሉኝ።

ከዚያ ጥግ ታጠፍንና ባሕሩ መጣ።

እኔ ለዶሮ እንኳ ወሬ የማላጣ ሰው ነኝ። ያኔ ግን ጀሪካኔን መሬት አኑሬ ማየት ብቻ ሆነ። አባባ የነገሩኝ ባሕር ነጭ ነበር፤ ጉም ስለሆነ። ይህኛው ሰማያዊ ነው፤ ይተነፍሳል። የተኛ ትልቅ ነገር ደረቱ ከፍ ዝቅ እንደሚለው ነው። መምህር ደሴ አጠገቤ ቆመው ብዙ አዩት። "ቀለሙን አልተሳሳትኩም" አሉ ቀስ ብለው፤ ለእኔ አይመስለኝም።

ጀሪካኔን አንሥቼ ወደ ውኃው ስሄድ አቶ ኢድሪስ ተከተሉኝ።

"ለማን ነው የኔ ልጅ?"

"ለአባቴ። እዚህ የመርከብ ወጥ ቤት ነበሩ።"

በጣታቸው አንድ የድንጋይ ደረጃ አሳዩኝ፤ ግማሹ ውኃ ውስጥ ነው። "ወጥ ቤቶቹ ከሥራ ሲወጡ እዚያ ይቀመጡ ነበር። ሱሪያቸውን ጠቅልለው እግራቸውን ይነክራሉ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ የሽንኩርት ሽታቸው ቀድሟቸው ይመጣ ነበር።"

"አባቴን ያስታውሷቸዋል?"

"ልዋሽሽ?" አሉ። "ብዙ ነበሩ።"

ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። ጉልበቴ ጋ ስደርስ ጀርባዬን ለከተማው ሰጠሁ። አንድ ማዕበል መጥቶ እስከ ጭኔ አራሰኝ፤ አንድ ጫማዬንም ይዞ ሄደ። ይሂድ አልኩ፤ ቤታችንም አባባን ከእሱ ወስዷል። ጀሪካኑን ሞላሁ፤ ክዳኑን ገጠምኩ፤ ፈታሁ፤ እንደገና ገጠምኩ።

እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። አሁን አንድ ነገር አስቡ። በእኛ አገር ከጉዞ የሚመለስ ሰው ቢጫ ጀሪካን ከያዘ፣ ውስጡ ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም። ይታወቃላ። ሰው የሚያመጣው ጠበል ነው። ጠበል ደግሞ አይነፈግም፤ ልጅሽን ስጪኝ ቢሉኝ ይሻላል።

መጀመሪያ እጃቸውን የዘረጉት እትዬ ጥሩነሽ ናቸው። ገና አውቶቡሱ ሳይነሣ። "ለወገቤ ትንሽ ጠብ አድርጊልኝ።"

"እትዬ፣ ባሕር ነው እኮ። ሲቀዳ አብረን ነበርን።"

"አይቻለሁ። ጠብ አድርጊልኝ።"

ለአንዲት የታመመች ወገብ እፍኝ ውኃ ብነፍግ አባባም አይወዱልኝም ብዬ ሰጠኋቸው። ሁለት ከተማ እንዳለፍን ወገባቸውን ይዘው ተነሡና አውቶቡሱ መሐል ቆሙ። "ሞቀኝ" አሉ። "ሲሄድ ይሰማኛል፤ ለቀቀኝ።" ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእኔ ጀሪካን የእኔ መሆኑ ቀረ።

ኬላ ላይ ፈታሹ ወጣት ወታደር ጀሪካኑን አየ።

"ምንድን ነው እናቴ?"

"ውኃ ነው።"

"ከሆነ ጠጪው።"

ጠጣሁ። ፊቴ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ዓይኔ ግን ዕንባ አፈሰሰ፤ ትከሻዬም ተንቀጠቀጠ። ወታደሩ ባርኔጣውን አወለቀ። "ጠበል ነው ብትዪኝ ምን ነበረበት?" አለና የውኃ ኮዳውን አቀረበ። ባርኔጣ ያወለቀ ሰው ፊት ምን ይባላል? ሞላሁለት። ጓደኛውም ኮዳ ነበረው።

ባሕር ዳር ምሳ ልንበላ ስንወርድ ለእትዬ ጥሩነሽ ዝም በሉልኝ ብዬ ነበር። ዝም አሉ። ዝም ብለው ቀጥ ብለው ተራመዱ፤ ጎንበስ ብለው የሄዱ ሴትዮ ቀጥ ብለው ሲመለሱ የምግብ ቤቷ ባለቤት ታውቃቸው ኖሮ፣ "ምን አገኙ?" አለች። ወደ እኔ ጠቆሙ። ወጥ ሠሪዎቹ ብርጭቆ ይዘው ወጡ። እኔ "ባሕር ነው፣ እመኑኝ፣ ባሕር ነው" እላለሁ፤ አንዷ ለሌላዋ፣ "ንፉግ ናት፤ ተያት" ስትል ሰማኋት። በሕይወቴ ብዙ ተብያለሁ፤ ንፉግ ተብዬ ግን አላውቅም። ቀዳሁ።

ሞጣ ስንደርስ የአውቶቡሱ ጎማ ተነፈሰና እስኪጠገን ወንድሜ ቤት ገባሁ። አማቱ እማማ ስንዱ እግራቸው አብጦ አልጋ ላይ ናቸው። ጀሪካኑን ሳያዩ በፊት ከበር ውጭ ልደብቀው ነበር፤ አዩት።

"እማማ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ይህ ባሕር ነው። ጠበል አይደለም።"

"ባሕሩን ማን ፈጠረው?"

"እግዚአብሔር።"

"ታዲያ ምን ታስጨንቂኛለሽ" ብለው ጽዋቸውን ዘረጉ።

አንድ ጽዋ ጠጡ። ትንሽ ቆይተው ሳፋ አስመጡና ከትናንት ወዲያ የበሉትን ሁሉ መለሱ። አፋቸውን ጠርገው ወደ ትራሳቸው ጋደም አሉ። "ይሠራል" አሉ። ሁለተኛ ጽዋ ለጎረቤታቸው አስቀዱ።

ውጭ ወጥቼ ጀሪካኑን ወደ ብርሃን ከፍ አደረግሁት። የቀረው ሁለት ጣት ነው። ሁለት ጣት ውኃ የማንን እግር ይነክራል? አንድ አውራ ጣት።

የወንድሜ ቤት ጓዳ ገባሁና ጨው ፈለግሁ። መምህር ደሴ ጎማውን ትተው መጥተው ነበር፤ ነገሩን ብነግራቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከሰሌዳ ላይ እንደሚያነብ ሰው ለአንድ ሊትር ስንት ማንኪያ እንደሚገባ ነገሩኝ። የሞጣን የቧንቧ ውኃ ሞላሁ፤ ጨው ጨመርኩ፤ ቀመስኩ፤ ጨመርኩ፤ ቀመስኩ። ምላሴ ደነዘዘ።

ወንድሜ በር ላይ ቆሞ፣ "አባባን በጨው ልታታልዪ?" አለኝ።

"አንተ ጉም ውስጥ ዓሣ ያጠመድክ ሰው ዝም በል።"

ማንኪያውን ከእጄ ወስዶ ራሱ አንድ ጨመረበት።

ደብረ ወርቅ ስናልፍ ወርጄ ንስሐ ልግባ አሰኝቶኝ ነበር። አውቶቡሱ አልቆመም።

ቢቸና ስገባ አባባ ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀምጠዋል። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ተጠቅልሏል፤ ሳፋው ከፊታቸው አለ። ከመቼ ጀምረው እንደተቀመጡ ጎረቤት ብጠይቅ "ከጠዋት" አለችኝ። እኔ በአንድ እግሬ የራሴን ጫማ፣ በሌላው የሞጣ የላስቲክ ጫማ አድርጌ ጀሪካኑን ፊታቸው አኖርኩ።

ክዳኑን ፈቱ። አሸተቱ። ጣታቸውን ነክረው ምላሳቸው ላይ አደረጉ። ያን ጊዜ እናቴ ሚዛን ያለችውን ምላስ አስታወስኩ።

"ጨዉ የሞጣ ነው" አሉ።

መሬቱን አየሁ።

"ስንት ማንኪያ ጨመርሽ?"

"እኔ ስድስት። ልጅዎ አንድ።"

"በዛ። ባሕሩ እንዲህ አይጮህም።" ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። "የባሕሩ የራሱስ የት ሄደ?"

"ሰው ጠጣው።"

"ባሕሩን?"

"ባሕሩን።"

"ማን ጠጣው?"

ቆጠርኩላቸው። ወታደሩን ከነባርኔጣው፣ ጓደኛውን፣ ወጥ ሠሪዎቹን፣ እማማ ስንዱን ከነሳፋቸው። "እትዬ ጥሩነሽ ደግሞ ወገቤን ለቀቀኝ ብለው አሁን ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት" አልኩ።

ሳቁ። አባባ ሲስቁ ትከሻቸው ነው የሚስቀው። "ስድስት ዓመት ስኖር አንድ ሰው ሲጠጣው አላየሁም" አሉና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። ሳቁ አልቆ መጥረጉ ቀጠለ። እኔ ሳፋውን ወደ እግራቸው አስጠጋሁት።

"ከውስጡ ትንሽም የለበት?" አሉ በመጨረሻ።

"ሁለት ጣት አለበት።"

"ከጉልበት ላይ የተቀዳ?"

"ከጉልበቴም ከፍ ይል ነበር።"

"ጀርባሽን ለከተማው ሰጥተሽ?"

"ሰጥቼ።"

"ይበቃል" አሉ። ውኃውን ሳፋው ውስጥ አንቆረቆሩት፤ እግራቸውን አንድ በአንድ አስገቡና ፊታቸውን ወደ ሸለቆው በኩል አዞሩ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ከዚያ አልተነሡም።

የምጽዋው መንገድ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። እትዬ ጥሩነሽ ወገባቸው ተመልሶ አመማቸው፤ መቼ ነው የምንሄደው እያሉ መምህር ደሴን ያስጨንቋቸዋል።

አባባ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሳፋውን ራሳቸው አውጥተው ውኃ ይሞሉና ጨዉን በእጃቸው እየመጠኑ ይጨምሩበታል። ማንኪያ አይጠቀሙም። ባለፈው ክረምት፣ ጉሙ ሜዳውን በሙሉ ሸፍኖት ባነጋ አንድ ቅዳሜ፣ ሱቅ ልከፍት ስወጣ ሁለት በርጩማ አውጥተው አገኘኋቸው። አንዱ ላይ እሳቸው ተቀምጠዋል። ሁለተኛውን ወደ ሳፋው አስጠጉልኝና ጫማዬን እስካወልቅ ጠበቁኝ።